ሜክሲኮ ላይ የጀሞ ሰልፍ የቱ ነው? ስለ ከተማችን አዲስ አበባ ትራንስፖርት ያያችሁትን ንገሩን

ከፈረንሳይ_ሜክሲኮ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ።

ጠዋት ጠዋት ከፈረንሳይ ሰፈር አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ። ማታ በዚያው መንገድ እመለሳለሁ። ስምንት ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ያየሁት ነገር ቤት ከገባሁ በኋላም ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

12 ሰዓት ከሩብ ላይ ሜክሲኮ ነበርኩ። ሥራ የዋለው ሰው ሁሉ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ሦስት ሰልፍ ጎን ለጎን ተጠማዞ ቆሟል። መሀለኛው ሰልፍ ላይ አንዲት እናት ነበሩ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ በእጃቸው መድኃኒት በፌስታል ይዘዋል። እኔ ከመድረሴ በፊት ጀምሮ የቆሙ ናቸው፤ ከዚያ በኋላም 25 ደቂቃ ያህል ቆመዋል። ታክሲ መጣ። ተራቸው ደርሶ አንድ እግራቸውን ሊያነሱ ሲሉ ረዳቱ «የሳሪስ ነው እማማ» አላቸው።

እሳቸው የሚሄዱት ጀሞ ነው። የጀሞው ሰልፍ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ነበር፤ ከሰማንያ ሰው አያንስም። እናትየው ምንም አልተናገሩም። ፌስታሉን ከግራ እጃቸው ወደ ቀኝ አዛወሩና ወደዚያኛው ሰልፍ ጭራ መሄድ ጀመሩ።

ፊት ላይ ከቆሙት አንዱ ወጣት ጠራቸው። «እማማ፣ እዚህ ይግቡ» አላቸውና የራሱን ቦታ ሰጥቷቸው ወደ ኋላ ሄደ። ማንም አላጉረመረመም። አንዷ ሴት «ተባረክ» ስትለው ሰማሁ።

የታክሲ እጥረት አለ። እሱን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ እኚያን እናት ያደከማቸው ግን የመኪና እጥረት አልነበረም። «ጀሞ እዚህ ነው» የሚል አንድ ሰሌዳ ነው የጠፋው። ከጎኔ የቆመውን ሰው «ይሄ የምን ሰልፍ ነው?» ብዬ ሳልጠይቅ የተሳፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። እሱም ሌላ ሰው ጠይቆ ነው የቆመው።

እናንተስ በየመንገዳችሁ ምን ታያላችሁ? መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የቱ ነው ትላላችሁ?

---

ቸርችል_በእግሬ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እውነትህን ነው።

እኔ አሁን አሁን ብዙውን በእግሬ ነው የምሄደው። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ማታም መብራት አለው። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርጄ ለገሃር ለመድረስ 35 ደቂቃ ይበቃኛል። በታክሲ ብሄድ ሰልፉና መንገድ መዘጋጋቱ ሲደመር ከዚያ አያንስም። ደስ እያለኝ ነው የምሄደው፤ ይህን በደንብ ልናገር።

ችግሩ መንገዱ ሲሠራ ታክሲ የሚይዝበት ቦታም አብሮ ተቀየረ። አራት ኪሎ ላይ ለዓመታት የምሳፈርበት ቦታ አንድ ቀን ጠዋት ስመጣ ታክሲ የለም። ሰውም የለም። ወዴት እንደሄዱ የሚናገር ጽሑፍ የለም። በመጨረሻ የነገረኝ ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ ነው። ብሩሹን ሳያስቀምጥ በአገጩ አሳየኝ።

---

ጋቢና_11
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ሹፌር ነኝ። ሚኒባስ ስይዝ 11 ዓመቴ ነው። መኪናው የኔ አይደለም።

ሰው ስለ እኛ ሲያወራ ስሰማ ብዙ ጊዜ ዝም እላለሁ። ዛሬ ግን የሆዴን ልናገር።

በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ አስገባለሁ። ነዳጁ ከእኔ ነው። የረዳቴ የሚወጣው ከዚያው ነው። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ለልጆቼ ነው። አሁን የማታውን ሰዓት አስቡት። 12 ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ ጀሞ 12 ሰው ይዤ እወጣለሁ። መንገዱ ሲዘጋጋ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስመለስስ? በዚያ ሰዓት ከጀሞ ወደ መሀል ከተማ የሚመጣ ሰው የለም። ባዶ መኪና ነው ይዤ የምመጣው። ነዳጁ ግን ያው ነው። ሁለተኛ ዙር ስደርስ 2 ሰዓት ሆኗል። ለዚህ ነው ሰው በጣም በሚፈልገን ሰዓት የምንጠፋው። ተደብቀን አይደለም፤ መንገድ ላይ ነን።

ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ማደያ የምሰለፍበት ቀን አለ። ያን ቀን ሥራ የምጀምረው ደክሜ ነው። ተሳፋሪው ይህን አያይም፤ አልፈርድበትም።

መንገድ መቆራረጥ ላይ ግን አልከራከርም። አራት ኪሎ የሚል ታፔላ ሰቅሎ ስታዲየም ላይ «እዚህ ድረስ ነው» ማለትና ሌላ ሂሳብ እንዲከፍሉ ማድረግ ስህተት ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ስታዲየም ላይ አወረድኳቸው። አንዲት ተማሪ ወርዳ መዳፏ ላይ ያለውን ሳንቲም ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ቦርሳዋን አስተካክላ በእግሯ ሽቅብ ስትሄድ በመስታወት አየኋት። የኔም ልጅ በዚያ ዕድሜ ላይ ናት። ከዚያ ወዲህ ታፔላዬ ላይ ያለው ቦታ ሳልደርስ ሰው አውርጄ አላውቅም።

---

ከፈረንሳይ_ሜክሲኮ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡45

ወንድሜ፣ እንዲህ በግልጽ ስለጻፍክ ከልቤ አመሰግንሃለሁ። ባዶ ስለምትመለሱበት ነገር በዚህ መልኩ አስቤው አላውቅም ነበር። ሰልፉ ላይ ቆሜ «የት ሄዱ?» እያልኩ ነበር የምናደደው።

---

የማታ_ተረኛ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

እኔ ነርስ ነኝ። ከሰዓት ስገባ የምወጣው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ሥራዬ ካዛንቺስ፣ ቤቴ ሽሮ ሜዳ።

እናንተ ስለ 12 ሰዓቱ ሰልፍ ስታወሩ እኔ እቀናለሁ። ሰልፍ ካለ ሰው አለ ማለት ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ ሰልፍ የለም። ታክሲ የሚመጣው እንደ ዕድል ነው፤ ሲመጣም ሁሉም በሩ ላይ ይረባረባል። ግፊያው ውስጥ እጁን የሚልክ ሰው አለ። ሴቶች የምለው ይገባችኋል። ቦርሳዬን በደረቴ አዝዬ፣ ክርኔን ወደ ውጭ አውጥቼ ነው የምገባው። በስልክ የሚጠራውን መኪና በየቀኑ ልያዝ ብል ደመወዜ ወር አይደርስም።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት መብራት የጠፋ ዕለት ነበር። እኔ የመጨረሻዋ ተሳፋሪ ነኝ። «ወራጅ አለ» ብዬ ስወርድ ቅያሱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ረዳቱ፣ ከ18 ዓመት የማይበልጥ ልጅ፣ «እህቴ ቆይ» አለና የስልኩን መብራት አብርቶ ከፊቴ መሄድ ጀመረ። ሹፌሩ መኪናውን አዙሮ የፊት መብራቱን ወደ ቅያሱ አበራልን። የግቢያችን በር እስኪከፈት ቆሙ። ከዚያ ልጁ እየሮጠ ተመለሰ። ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም።

ስለ ረዳቶች ክፉ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ያ ልጅ ነው ፊቴ ላይ የሚመጣው።

---

የድሮ_ተሳፋሪ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ሰባን ካለፍኩ ቆየሁ። ስልክ ላይ መጻፍ ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ ናት፤ ብሳሳት ይቅርታ አድርጉልኝ።

ይህችን መድረክ ሳነብ የድሮዋ ውይይት ታክሲ ትዝ አለችኝ። ብዙዎቻችሁ አልደረሳችሁባትም። ከኋላ በኩል የሚገባባት ትንሽ መኪና ናት። ውስጧ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተዘርግቷል። ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ ነው የሚቀመጠው። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ መተያየት አይችልም፤ ጨዋታ ይጀመራል። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ለቅሶ። ለዚህ ነው ውይይት የተባለችው። ከመርካቶ ፒያሳ እስክንደርስ የማላውቀው ሰው የልጁን ሠርግ ጠርቶኝ ያውቃል። ሄጃለሁም።

ሴይቼንቶ የምንላትም ነበረች፤ ፊያት ስድስት መቶ ናት፣ ሰማያዊና ነጭ። ላዳ የመጣው ከእሷ በኋላ ነው።

ቀይና ቢጫው አንበሳ አውቶቡስ ደግሞ ከእኔ ይበልጣል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1930ዎቹ ነው የጀመረው። አባቴ ሲያወሩ ጣሊያን ጥሏቸው በሄደው ጥቂት መኪኖች ነው ይሉ ነበር። ለገሃርም ስሟን ያገኘችው ከባቡሩ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» አሉት፤ ሕዝቡ ለገሃር አላት። ይኸው እስከ ዛሬ ረዳቱ «ለገሃር፣ ለገሃር» እያለ ይጠራታል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ያኔ አውቶቡስ ብዙ አልነበረም። ሰዓት እንቆም ነበር። ግን ቁጥር ነበረው። የሰፈራችንን ቁጥር ካወቅህ መንገዱን አወቅህ ማለት ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ የአውቶቡሱን ቁጥር ግን ከሩቅ ይለዩት ነበር። «የኛው መጣ» ይሉ ነበር። ከፈረንሳይ የምትመጣው ልጄ፣ አንተ የጠየቅከው ሰሌዳ ለእኔ እናት ያ ቁጥር ነው።

---

ስድስት_ኪሎ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡02

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። ውይይት የሚባል ታክሲ እንደነበረ ስሰማ ገና አሁን ነው። አሁን ታክሲ ውስጥ ሁላችንም ጆሯችን ላይ የሆነ ነገር ሰክተን ወደ መስኮት ነው የምናየው። ነገ ከጎኔ ለተቀመጠ ሰው ሰላም እላለሁ።

---

ሁለት_መስመር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

ስለ ባቡሩ ማንም አላነሳም፤ እኔ ላንሳ። መሐንዲስ ነኝ፤ የማውቀውን ልናገር።

ቀላል ባቡሩ የመጀመሪያውን መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲጀምር አብሬ ተሰልፌያለሁ። ሰው ልጆቹን ይዞ ለማየት የመጣበት ቀን ነበር። ሁለቱ መስመሮች ተደምረው ወደ 34 ኪሎ ሜትር፣ ጣቢያዎቹ 39 ናቸው። አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የመጣ ነው።

አሁን መሀል ከተማ ላይ የሚሆነውን ተመልከቱ። ከስታዲየም፣ በለገሃርና በሜክሲኮ አድርጎ እስከ ልደታ ድረስ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ስለዚህ እዚያ መሀል ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም ያገኛል። ከልደታ ወዲያ ወይም ከስታዲየም ወዲህ ያለው ግን የራሱን መስመር መጠበቅ አለበት። ስታዲየም ጣቢያ ላይ ቆማችሁ ብታዩ ይገባችኋል። ባቡር ሲመጣ ግማሹ ሰው ወደ በሩ ይሮጣል፣ ግማሹ «የቃሊቲ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አየህ፣ እዚህም ያው የአንተ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የተገዙት 41 ባቡሮች ናቸው። ከጊዜ በኋላ መለዋወጫ እየጠፋ ብዙዎቹ ቆሙ። መለዋወጫው የሚመጣው ከውጭ ነው፤ የሚገዛው በዶላር ነው። ትኬቱ ደግሞ ሲጀመር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለሰው ደግ ዋጋ ነው። ግን በብር የተሰበሰበ ትንሽ ገንዘብ በዶላር የሚሸጥ መንኮራኩርና ፍሬን አይገዛም። ባቡር ሲያንስ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል፤ በመጣው ባቡር ላይ ያ ሁሉ ሰው ይጫናል፤ የተጫነው ባቡር ቶሎ ያረጃል። ይህ ነው የሚያሳዝነኝ። ሥራው ሲጀመር ለመለዋወጫው ተብሎ የሚቀመጥ ገንዘብ ቢኖር ኖሮ እላለሁ ሁልጊዜ።

ሌላው ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል። ፊት ለፊት የሚታይ ሱቅ ለመሄድ ረጅም ዞሮ መምጣት ነው። እናቶች ዕቃ ይዘው ያን ሁሉ ሲዞሩ አያለሁ።

ግን ልናገር፤ ባቡሩን እወደዋለሁ። ዝናብ ሲዘንብ፣ መንገዱ ሁሉ ሲቆም፣ እሱ ያልፋል።

---

ኮድ_ሁለት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

እኔ የቤት መኪና ነው የምነዳው። ሁሉም ስለ ተሳፋሪ ሲያወራ የኛም ይሰማ። ሚኒባሱ የትም ይቆማል። መሀል መንገድ ላይ በሩን ከፍቶ ሰው ያወርዳል። ከአምባሳደር ስታዲየም ያለችውን አጭር መንገድ ዛሬ 30 ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ፊቴ የነበሩ ሦስት ታክሲዎች ተራ በተራ እየቆሙ ነበር። ለተሳፋሪውም አደጋ ነው፤ ሞተር ሳይክል በጎን ሲያልፍ ሰው ሊመታ ለጥቂት ተርፏል።

---

ጋቢና_11
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ወንድሜ፣ አደጋው ላይ ልክ ነህ። በር ከመክፈቱ በፊት ረዳቱ ወደ ኋላ ማየት አለበት። የኔን ረዳት ይህን ነው መጀመሪያ ያስተማርኩት።

ግን አንድ ቀን ከእኔ ጋር ጋቢና ተቀመጥ። «ወራጅ አለ» ሲባል የት ልቁም? ወደ ዳር የሚገባ መቆሚያ ያለበት ቦታ አለ፤ እዚያ ስገባ የቤት መኪና ቆሞበት አገኛለሁ። አንድ ሰው «አንድ ደቂቃ ነው» ብሎ መብራት እያበራ ትቶት ሄዷል። እኔ ከኋላው ልቁም ስል ትራፊክ ይቀጣኛል፣ አልፌ ስቆም አንተ ክላክስ ታደርጋለህ። መቆሚያችንን ልቀቁልን፤ እኛም መሀል መንገዱን እንለቅላችኋለን።

---

ኮድ_ሁለት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

እሺ፣ እውነት ነው። እኔም ፖስታ ቤት አካባቢ እንዲያ አቁሜ አውቃለሁ። ከእንግዲህ አላደርገውም።

---

በሁለት_ምርኩዝ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡35

ሁሉንም አንብቤ ነው የምጽፈው። እኔ በሁለት ምርኩዝ ነው የምሄደው። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።

ሰልፍ ላይ ችግር የለብኝም። ሰው ያሳልፈኛል፤ የከተማችን ሰው በዚህ አይታማም። ችግሬ ሰልፍ በሌለበት ነው። መንገድ ዳር ቆሜ እጄን ሳነሳ ታክሲው ፍጥነት ይቀንሳል፤ ምርኩዙን ሲያይ ያልፋል። ለመሳፈር አንድ ደቂቃ ይፈጅብኛል። ያቺን አንድ ደቂቃ ነው የሚሸሹት። አንድ ቀን ጠዋት ቆጠርኩ። ባዶ ወንበር ያላቸው ስድስት ታክሲዎች አለፉኝ። ሰባተኛው ቆመ። ያን ቀን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ነበር የምሄደው።

አውቶቡሱ ደግሞ ደረጃው ከፍ ያለ ነው። የመጀመሪያዋን ደረጃ ከወጣሁ የቀረው ቀላል ነው። አስፋልቱና ደረጃው መካከል ያለው ክፍተት ነው የሚከብደኝ። አውቶቡሱ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ተጠግቶ ቢቆም ብቻዬን እወጣለሁ። አንድ ሜትር ርቆ ከቆመ ሰው መለመን አለብኝ። አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ጠርዛቸው ጥሩ ነው፤ ሹፌሩ ተጠግቶ ቢያቆምልኝ በቂ ነው። አዲስ መኪና እስኪገዛ አልጠብቅም፤ ተጠጉልኝ ነው የምለው።

---

ጋቢና_11
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

ምሳ ሰዓት ላይ ነው ያነበብኩት። ረዳቴንም አስነበብኩት።

ወንድሜ፣ ይቅርታ። እኔም ከስድስቱ አንዱ ሆኜ የማውቅ ይመስለኛል። በዚያ ጠዋት ባልሆንም በሌላ ጠዋት። ጋቢናው ዝቅ ያለ ነው፤ መደገፊያም አለው፤ ላንተ ይሻላል። ከዛሬ ጀምሮ ምርኩዝ የያዘ ሰው ካየሁ ጋቢና የተቀመጠውን ወደ ኋላ እለምናለሁ። መስመራችን ላይ ላሉት ልጆችም እነግራለሁ።

---

በሁለት_ምርኩዝ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡15

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥራውንም አግኝቼዋለሁ፤ ሳልነግራችሁ ቀረሁ።

---

የኋላ_ወንበር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

እኔ ትንሽ ነገር ላንሳ። ሂሳብ አሰባሰቡን አይታችሁታል? የመጨረሻው ወንበር ላይ አራት ሰው እንቀመጣለን። ረዳቱ «ከኋላ ሂሳብ» ይላል። ብራችን አንድ ሰው እጅ ላይ ይሰበሰባል። እሱ «የሦስት ሰው ነው፣ እሷ ቀድማ ከፍላለች» ብሎ ወደ ፊት ያቀብላል። ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ረዳቱ ጋ ይደርሳል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ለማላውቀው ሰው ብሬን ሰጥቼ ጠፍቶብኝ አያውቅም። አንድ ቀን ዝርዝር ጠፍቶ የእኔንና የጎኔን ሰው መልስ አንድ ላይ ሰጡን፤ ሁለታችንም ወርደን ሱቅ ገብተን ማስቲካ ገዝተን ተካፈልን።

አሁን በቴሌብር የሚቀበሉ ረዳቶች አሉ። ጥሩ ነው። ከተቀደደ ብር ጭቅጭቅ ይገላግላል። ስልክ ቁጥሩን በትልቁ ጽፈው ቢለጥፉት ግን እላለሁ፤ መኪናው እየነጠረ ቁጥር በቃል መቀበል ይከብዳል።

---

ከፈረንሳይ_ሜክሲኮ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡05

የጋሼን የአውቶቡስ ቁጥር ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ትናንት ጠዋት ከሱቅ ካርቶን ለመንኩ። በጥቁር ማርከር «ጀሞ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት። ከሥሩ ቀስት አደረግሁ። ማታ ሜክሲኮ ስደርስ መጀመሪያ ተራ አስከባሪውን ጠየቅኩት። ካርቶኑን ተቀብሎ አየውና «ቀስቱ ወደዚህ ቢሆን ነው የሚሻለው» አለኝ። ማርከሩን ሰጠሁት፤ እሱ አስተካከለው። ከዚያ በሲባጎ ምሰሶው ላይ አሰርነው።

ዛሬ ማታ ስመለስ ካርቶኑ አለ። ከጎኑ ሌሎች ሁለት ተሰቅለዋል፤ አንዱ «ሳሪስ»፣ አንዱ «አየር ጤና» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የእኔም የተራ አስከባሪውም አይደለም። ከሰዓት ዘንቦ ስለነበር አንድ ሰው ሦስቱንም በፌስታል ጠቅልሏቸዋል።

---

ገርጂ_ነኝ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡15

ይቅርታ፣ ሐሳብ ላቋርጥ። ሰኞ ጠዋት እናቴን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ልወስዳት ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ መቆም አትችልም። መገናኛ ድረስ ባጃጅ አለ። ከዚያ ምን ብይዝ ይሻላል?

---

ሁለት_መስመር
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡24

ከመገናኛ በባቡር ለገሃር ውረዱ። መንገድ ቢዘጋም አያስቆማችሁም። ግን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩልና 2 ሰዓት ላይ በጣም ይጨናነቃል። ቀጠሮዋ የሚፈቅድ ከሆነ 3 ሰዓት አካባቢ ሂዱ።

---

ቸርችል_በእግሬ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡31

ለገሃር ከወረዳችሁ በኋላ በእግር አትሞክሩት፤ ዳገት ነው። ወደ ፒያሳ የሚወጣ ታክሲ ያዙ። ብሔራዊ ቴአትርን ካለፋችሁ በኋላ ተዘጋጁና ጥቁር አንበሳ ጋ «ወራጅ አለ» በሉ።

---

ጋቢና_11
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡50

ጋቢና አስቀምጧቸው። ሹፌሩን «እናቴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል» በሉት፤ ይገባዋል።

---

የድሮ_ተሳፋሪ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እግዜር ይማርልሽ ልጄ። ወንበር የሚሆን ትንሽ ዱካ ካለሽ ያዢላቸው፤ ሆስፒታልም ሰልፍ አለ።

---

ገርጂ_ነኝ
ሰኞ፣ ከቀኑ 5፡45

ደርሰናል። ባቡሩ ውስጥ አንድ ተማሪ ተነሥቶ አስቀመጣት። ለገሃር ላይ ታክሲው ሞልቶ ነበር፤ ጋቢና የነበሩት ሰውዬ ሳልጠይቃቸው ወርደው ወደ ኋላ ገቡ። አሁን ካርድ አውጥተን ተራ እየጠበቅን ነው። ጋሼ፣ ዱካዋን ይዣለሁ፤ እማዬ እላይዋ ተቀምጣለች። እሷም ሰላም ብላችኋለች።